ተቀባዩ ማን ነው?

የሰፈሩ ዶሮዎች ባንድ ሳምንት ሲረግፉ ልጅቷ አላለቀሰችም። ያበገናት ዶክተሩ ነው፤ ያ «ናሙና ልውሰድ» እያለ ሲመላለስ ልቧንም አብሮ የወሰደው የላቦራቶሪ ሰው።

ሰኞ ዕለት የሰፈሩን ዶሮ አርቢዎች ሰብስቦ፣ «ቫይረሱ በር ሰብሮ አይገባም። የሚያስገባው ተቀባዩ ነው። ተቀባይ ከሌለ በሽታ የለም» አላቸው።

ሰው ሁሉ ዞሮ እናቷን አየ። በሰፈሩ ከእሷ በላይ እንግዳ ተቀባይ ማን አለና! በቅርቡ እንኳ የልጅቷ አክስት ከሩቅ ሁለት ዶሮ ይዛ መጥታ እሷው ቤት ነው ያረፈችው። ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚላት ጠፋ። እናትየውም ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች።

ልጅቷ ላቦራቶሪው ድረስ ሄዳ በሩን በረገደችው።

«እናቴን ከሰው አጣላሃት! ከእጇ አልበላህም?»

«ምን አደረግኩ?» ጓንቱን እንኳ አላወለቀም።

«ጥፋቱ የተቀባዩ ነው አላልክም?»

ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ተቀባይ ያልኩት እኮ የዶሮዋ ሴል ላይ ያለችውን ነገር ነው! በዓይን አትታይም። ሥራዋ ሰውነት የሚፈልገውን መያዝ ነው። ቫይረሱ ይመጣና እሷ ላይ ይለጠፋል፤ ሴሉም የራሱ ነገር መስሎት ጎትቶ ያስገባዋል። ስሟ ነው ተቀባይ፤ በቃ!»

«ሌላ ስም አጣችሁላት? የሚሰማህ ሰው መሆኑንስ ረሳኸው? ያበላሸኸውን አንተው አስተካክል!»

በማግስቱ እነዚያው ሰዎች ፊት ቆመ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ተቀባይ ያልኩት በዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ያለችውን ነገር እንጂ ሰውን አይደለም። በሽታውን ማን እንዳመጣው አላውቅም» አለ።

«ታዲያ ቀድመህ በሰው ቋንቋ ብትናገር ምን ነበረበት?» ብላ አንዷ ጎረቤት አፋጠጠችው።

ከዚያ ወደ እናትየው ቤት ሄደ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ቦቲህን ንከር» አለችው፣ ጀርም መግደያ መድኃኒት የተሞላውን ገንዳ እያሳየች።

ነከረ።

«ድገም።»

ደገመ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«አሁንም ተናደሽብኛል?»

«በጣም! ደግሞ በአንተ ብቻ መሰለህ? በራሴም ነው! አንተ መቼ በር ሰበርክ? ጎትቼ ያስገባሁህ እኔው ነኝ!»

እናትየው ከውስጥ ተጣራች። «ማነው? እንግዳ ነው?»

«እንግዳ አይደለም እማዬ፤ የቤት ሰው ነው» አለች ልጅቷ፣ ቁጣዋ ገና ሳይበርድላት።