የቅጠሉ በር

በአንድ ታላቅ ዛፍ ቅጠል ውስጥ ሐመልሚል የሚባል መንግሥት ነበረ። በዚያ አገር አረንጓዴ ወፍጮዎች የፀሐይን ብርሃን ይዘው ውኃ ይሰነጥቃሉ፤ ከውኃው የወጣውን ትንፋሽ ወደ ውጭ ይለቃሉ፤ በብርሃኑ ኃይልም በቅጠሉ በር የገባውን ነፋስ ስኳር ያደርጉታል። ግንዱም ሥሩም የሚያድሩት በዚያ ስኳር ነው።

ድርቅ በገባ በሰባተኛው ቀን፣ ልክ በቀትር፣ አንድ ወፍጮ ነጭ ሆኖ ሞተ። ሽማግሌዎቹ ክፉ ምልክት ነው አሉ። ወፍጮኛዋ ቀጸላ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስለገባት ቀጥ ብላ ዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ጃንሆይ፣ ውኃ እንዳይተን ብለው የሁለቱን የበር ዘበኞች ውኃ አስቀርተው በሩን አስዘጉ። ነፋስ ካልገባ ወፍጮው የያዘውን ብርሃን ምን ላይ ያውለው? ሥራ ያጣ ብርሃን ያቃጥላል። ነገ ተራው የእናቴ ወፍጮ ነው።»

«በሩ ከተከፈተ ውኃችን ያልቃል» አሉ ንጉሥ ሐመል። «አርፈሽ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም።»

ጎርፉ የሚባለውን ውኃ ተሸካሚ አስከትላ በደረቁት ቦዮች ወረደች። ሥራ ፈት ብርሃን የወለዳቸው ዘንዶዎች መንገድ ላይ ጠበቋቸው፤ ጎርፉም በጦሩ እየመከተ መንገድ ሲከፍትላት ቀኝ እጁ ተቃጠለ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሁለቱ ግዙፍ ዘበኞች በጥም ዝለው ተደጋግፈው ወድቀዋል። ጠጥተው ካልተነፉ በሩ አይከፈትም።

ውኃ የቀረው ከበሩ አጠገብ ባለው በእናቷ በሥርጉት ወፍጮ ብቻ ነበር። የወፍጮኞች ሕግ ደግሞ የወፍጮ ውኃ ከደጃፍ እንዲወጣ አይፈቅድም፤ ውኃው የወጣበት ወፍጮ ነጥቶ ይሞታልና፤ ያወጣ ሰው ዳግም ወፍጮ አይነካም።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ» አለች ሥርጉት።

«አውቀዋለሁ እማዬ። አብረሽኝ ውጪ።»

«እኔ ከወፍጮዬ አልለይም። ቅጂና ሂጂ፤ ዞረሽም እንዳታዪ።»

ቀጸላ ግን ዞራ አየች። እናቷ ሁለት እጇን ወፍጮው ላይ እንዳሳረፈች፣ ወፍጮውም እሷም እየነጡ ነበር። ቀጸላ እያለቀሰች ውኃውን በዘበኞቹ አፍ አንቆረቆረች።

ዘበኞቹ ተነፍተው ጎበጡ፤ በመካከላቸው በሩ ተከፈተ። ነፋሱ ሲገባ ወፍጮዎቹ ዘንዶዎቹን ወደ ሥራ ስበው ዋጧቸው፤ ስኳሩም ወደ ታች ፈሰሰ። የጠገበው ሥር መሬቱን ሰንጥቆ ወርዶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃ ላከ።

ንጉሡ ራሳቸው መጡ። «አገር አድነሻል። ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ከእንግዲህ ወፍጮ አትነኪም።»

«አልነካም» አለች ቀጸላ፤ በሩ መሐል ቁጭ አለች። «መክፈቻና መዝጊያ ሰዓቱን ዘበኞቹ ያውቁታል። በአዋጅ ሊዘጋው የሚመጣ ግን እኔን ረግጦ ይለፍ።»

ጎርፉ በተቃጠለ እጁ ጦሩን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ንጉሡ በሩን ሳይነኩ ወደ መጡበት ተመለሱ።