የጠራው ቀረጻ

አስከሬኑ የተገኘው ማሽን ክፍሉ ውስጥ፣ በሩ ሥር ነው። የሕንፃ ንድፎችን ወደ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚቀይረው ትንሽ ድርጅት ባለቤት በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፤ ከኋላው አራት ኮምፒውተሮች መደርደሪያቸው ላይ ጠቁረዋል። ሐኪሙ ብዙ አልተመራመረም። አስም ያለበት ሰው የፕላስቲክ ጭስ ውስጥ ገብቶ አልወጣም።

ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ቴክኒሻኑ ላይ ነው፤ እሱ ራሱም ጭምር። የግራፊክስ ካርዶቹን ፍጥነት ከፋብሪካው ልክ በላይ ያሳደገው፣ ሲግሉ ራሳቸውን የሚያጠፉበትን የሙቀት ገደብ ከካርዶቹ ላይ ለዘለቄታው ያነሳውም እሱ ነው። ማራገቢያዎቹን ከሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ጋር ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ዓይንና ናጫ ሆኖ ከርሟል። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ማራገቢያውን ያስጮኸዋል፣ ሲግል ያንቀላፋል፣ ባሻሻሉት ቁጥር ይብስበታል። «ይሄ ነገር አንድ ቀን ሰው ይገድላል» ማለቱን ያልሰማ የለም። አሁን ያቺ ቃል ዞራ መጣችበት። የፈራው እስር ቤቱን ብቻ አልነበረም፤ ሟቹ ሙያ ያስተማሩት ሰው ናቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው ሠርቷል፣ የሚስታቸውን ዓይን እንዴት አድርጎ እንደሚያይ ጨንቆት ነበር።

መርማሪዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ጠረጴዛው ዳር ተቀመጠችና የት እንደነበር ጠየቀችው።

«ጥርስ ሐኪም ቤት» አለ። ጉንጩ አሁንም እንዳበጠ ነው። «ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ ጋሼን አውጥተዋቸዋል።»

«መብራቱ መቼ መጣ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ነው አሉ። ሲመጣ ማሽኖቹ በራሳቸው ተነስተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።»

«ሶፍትዌሩስ?»

ቴክኒሻኑ በምሬት ሳቀ። «እሱማ መብራት በጠፋ ቁጥር ያልኩትን ሁሉ ይረሳል። ወደ ፋብሪካው አሠራር ይመለሳል። በየቀኑ እንደ አዲስ ነው የማስተምረው።»

መርማሪዋ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት። ቴክኒሻኑ መስመሩን እንደ ፍርድ ቆጠረው።

ሚስትየው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ከሁለት ደንበኞች ጋር ነበሩ፤ ደንበኞቹም አንዴም ከወንበራቸው እንዳልተነሱ መሰከሩላቸው። የማሽን ክፍሉ በር ጩኸት እንዳያስወጣ ዙሪያውን ጎማ ስለተለበጠ ጭሱም አልሸተታቸውም። ለፊልሞቹ ማብራሪያ የሚያነበው የሟቹ ታናሽ ወንድም ከማሽኖቹ አጠገብ ባለው ቀረጻ ክፍል፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያነብ እንደነበር ተናገረ፤ ጨርሶ ሲወጣ የማሽን ክፍሉን በር ከፍቶ አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ እንደሆነም አከለ። የዚያን ዕለት ቀረጻ የት አለ ስትለው፣ ልቡ አልችል ብሎት እንደሰረዘው ነገራት።

ማሽኖቹንና ማራገቢያዎቻቸውን ከውጭ የሚያዘው፣ ሶፍትዌሩ ያለበት ኮምፒውተር ግን ቴክኒሻኑ ጠረጴዛ ላይ ደህና ነበር። መርማሪዋ ስክሪኑን ፎቶ አነሳች፤ የማራገቢያ ፍጥነት ዜሮ ይላል። ከዚያ ሶኬቱን ነቅላ ሰካች፣ ነቅላ ሰካች።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ቀረጻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሃያ ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት» አለች። «ሃያውንም ጊዜ ረሳ። ሲረሳ ደግሞ ማራገቢያዎቹን ወደ አውቶማቲክ ነው የሚመልሳቸው። ስለዚህ ያንን ዜሮ የጻፈ ሰው መብራት ከመጣ በኋላ፣ በእጁ ነው የጻፈው። በዚያ ሰዓት ቴክኒሻኑ አፉን ከፍቶ ጥርስ ያስነቅል ነበር፤ ሐኪሙን ጠይቄያለሁ። እትዬም ከእንግዶቻቸው ጋር ነበሩ።»

ወንድምየው እግሩን ማንቀሳቀስ አቆመ።

መርማሪዋ ባለፈው ወር የተቀረጸ ንባብ ከፈተች። ከድምፁ ሥር የማራገቢያዎቹ እምምታ ይሰማል። ሌላ ከፈተች፤ እሱም ያው ነው። ሦስተኛውን ስትከፍት ንባቡ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከሥሩ እምምታ የለም።

«የሰረዝከው ነው» አለችው። «ደንበኛው ዘንድ ግን ደርሶ ነበር፤ የማሽን ክፍሉን በር ከመክፈትህ በፊት ልከህለታል።»

«አሥር ደቂቃ ብቻ ብዬ ነው፤ እሱ በየቀኑ ቁጥሩን ሲጽፍ አይቼ» አለ ወንድምየው ወደ ቴክኒሻኑ እየጠቆመ። «ያ እምምታ ሥራዬን ሁሉ ያበላሸው ነበር። ማሽኖቹ አሥር ደቂቃ ይችላሉ ብዬ ነው።»

ገደቡን ማን እንዳነሳው የሚያውቀው ቴክኒሻን አንገቱን ደፋ።

«አልጨረስኩም» አለች መርማሪዋ፤ ቀረጻውም ቀጠለ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ከግድግዳው ወዲያ ሳል ተሰማ። ሦስት ጊዜ። የሚያነበው ድምፅ ቆም አለ። ከዚያ ሳሉ ያበላሸበትን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ረጋ ብሎ፣ አሳምሮ ደገመው።

ሚስትየው የባላቸውን ሳል አላጡትም። «ሰምተኸዋል» አሉ።

«ሁልጊዜ ይስል የለ?» አለ ወንድምየው።

ፖሊሶች ወንድምየውን ይዘው ሲወጡ መርማሪዋ ቴክኒሻኑን ነጻ ነህ አለችው። ሚስትየው በአጠገቡ አለፉ፤ ቀና ብለው አላዩትም። ገደቡን ያነሳው ማን እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ። ቴክኒሻኑ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ኮምፒውተሩን አበራው። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን ያልታዘዘው ሶፍትዌር በዚያ ዕለት ብቻ የተባለውን አንዳች ሳያጎድል ፈጽሟል። አሁን ሁሉንም ረስቶ፣ እንኳን ደህና መጡ የሚል ጽሑፍ አወጣለት።