ከኋላው ፍሬን የጠፋችው ሽቦ

የጋሽ ሞክረው አማች፣ የልጃቸው ባል፣ ሞተሩን እየነዳ የሞተው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላትሞ ነው። ጋሽ ሞክረው ሲደርሱ አስከሬኑ በአንሶላ ተሸፍኗል፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ግን አስከሬኑን ሳይሆን እሳቸውን ነበር። የሞተሩን የኋላ ጎማ ትናንት የቀየሩት እሳቸው ናቸዋ።

በጎሚስታነት ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። ጎማ ቀይረው «እስቲ ሞክረው» ሳይሉ ማንንም ስለማይሸኙ ሰፈሩ ይህን ስም ሰጣቸው፤ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን የሚያስታውስ የለም። ቸርኬውን አሽከርክረው፣ ፔዳሉን ረግጠው፣ እያንዳንዱን ዳዶ በጣታቸው ነካክተው ነው የሚለቁት። ሞተረኞቹ «እሳቸው ጋ ከመሰለፍ ሐኪም ቤት መሰለፍ ይሻላል» እያሉ ያሟቸዋል፤ ግን እሳቸው ጋ ይሰለፋሉ።

ከወደቀው ሞተር አጠገብ አንዲት ደቃቃ ሴት ተንበርክካለች። መርማሪዋ ነች።

«ይህ ዘንግ ምንድነው፣ ጋሼ?»

የኋላውን ፍሬን ክዳን ከሞተሩ አካል ጋር አስሮ የሚይዘው ዘንግ በአንድ ወገኑ ተንጠልጥሏል። ብሎኑ የለም፤ ዳዶው የለም፤ ዳዶው እንዳይፈታ በብሎኑ ቀዳዳ ገብታ የምትታጠፈው መቆለፊያ ሽቦም የለችም።

«እሱ ካልታሰረ፣ ፍሬን ሲረገጥ ክዳኑ አብሮ ይዞራል። ጎማው ድንገት ቀጥ ይላል» አሉ። የገዛ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰላቸው።

«ጎማ ሲቀየር ይፈታል?»

«ይፈታል።»

«ትናንትስ መልሰው አሰሩት?»

አስረውታል። መቆለፊያ ሽቦ አልቆባቸው ስለነበር ከአሮጌ ብስክሌት ቸርኬ አንድ ሽቦ ቆርጠው፣ ከሱቁ የሚጠነክረውን፣ አስገብተው ሁለቱንም ጫፍ አጥፈዋል። ይህንኑ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሴት ልጃቸው ሕዝቡን እየገፋች ስትመጣ አዩ። ያን ጊዜ ሰሞኑን ጎሚስታው በር ላይ ቆማ ያለቀሰችው ትዝ አላቸው። «ሌላ ሴት ይዟል፣ አባዬ። ሌሊት አይተኛም፤ አያናግረኝም። ያ ሞተር ይዞት ገደል በገባ» ብላ ነበር። ልጅቱ ያደገችው ጎማ መሃል ነው፤ ዘንግ መፍታት ማንም አያስተምራትም። ሞተሩ ያደረው ደግሞ እሷ ግቢ ውስጥ ነው።

አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው።

«ረስቼዋለሁ» አሉ። «እርጅና ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻቸው።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም በየተራ በሟቹ ግቢ አነጋገረች። ጫማው ስለሚጠብባት አውልቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ሞክረው ግድግዳ ተደግፈው ይሰማሉ፤ እንዲያስሯቸው እየጠበቁ ነበር፤ የሚያስራቸው ግን ጠፋ።

«ሽማግሌው አመሻሽ ላይ ሞተሩን አምጥተው አቆሙና በእግራቸው ተመለሱ» አለ ዘበኛው። «ከዚያ በሩን ቆለፍኩ። ድመት እንኳ አልገባችም።»

«ሟቹስ?»

«ላቦራቶሪ ተረኛ ነበር፤ ናሙና የሚቀበል እሱ አይደል። ሲነጋ መጣ፣ ቤት እንኳ ሳይገባ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። ከማንም ጋር አልተነጋገረም፤ እኔም ደህና አደርክ ብዬው መልሱን አልሰማሁትም።»

ከግቢው ጓሮ ክፍል የሚኖረው የሟቹ ወንድም ዐይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«ሞተሩ መምጣቱንም አላወቅኩም። ራሴን አሞኝ በጊዜ ተኛሁ» አለ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ሰው ነፍስ የሚሸከም ፍሬን በብስክሌት ሽቦ ይጠፍራል? ካረጁ ምናለ ቤትዎ ቁጭ ቢሉ?»

ጋሽ ሞክረው አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉት። ስድብ ቢጨምርላቸው ደስታቸው ነበር፤ እሳቸው ላይ በተቆለለ ቁጥር ልጃቸው ላይ የሚወድቀው ያንሳል።

ከዚያ መርማሪዋ ጎሚስታው ድረስ አብራቸው ሄደች። ከጣሪያው ሥር በገመድ የተንጠለጠለ ያለቀ ጎማ አየች።

«ይህ የማን ነው?»

«የአማቼ። ትናንት የወለቀው።»

«ለምን አልጣሉትም?»

«አደራ ብሎኝ ነዋ። አይጣል፣ አይታጠብ፣ የሚፈልገው ሰው ይመጣል አለኝ።»

መርማሪዋ በጎማው ጥርሶች መሃል ያለውን የተቦጨቀ ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «እኔ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከረምኩ» አለች ለራሷ። ሽማግሌው ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባቸውም።

በማግስቱ ሁሉንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ፤ ወንድምየው ጥግ ያዘ፤ ልጅቱ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። እንባዋ ደርቆ ፊቷ ላይ የቀረ ነገር የለም።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ወደዚህ ያመጡት ገፍተው ነው?»

«ነድቼ።»

«በቁልቁለቱ?»

«ሌላ መንገድ የለውም፤ ግቢው የቁልቁለቱ ወገብ ላይ ነው።»

«በሩ ላይ እንዴት ቆሙ?»

«በፊተኛው ፍሬን።»

«ደጃፉ ላይ አዲሱ የኋላ ጎማ አፈሩን ጭሮ ቀስ ብሎ ቆሟል። አሻራው አሁንም አለ። ዘንጉ ባይታሰር ኖሮ ቁልቁለቱ ላይ እርስዎ ይቀሩ ነበር። ስለዚህ አልረሱም። እርስዎ ጎማ እንጂ ውሸት አይችሉም። ዘንጉ የተፈታው እዚህ፣ በሩ ከተቆለፈ በኋላ ነው።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። «ረስቻለሁ አልኩ እኮ። እሰሩኝ በቃ። ምን ቀራችሁ?»

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቱ። «አባቴን ተዉት። ሌሊት ወጥቼ የፈታሁት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሞክረው የፈሩት መጣ።

«ዳዶውን በምን ፈታሽው?» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር።

«በአባቴ መፍቻ።»

«መቆለፊያ ሽቦዋስ ምን ዓይነት ነበረች?»

«ያችው ናታ። ከሱቅ የምትገዛው፣ ሹካ የምትመስለው።»

መርማሪዋ ከኪሷ አንዲት የተጣመመች ሽቦ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ከግቢው ፍሳሽ ያወጣኋት ናት። የብስክሌት ቸርኬ ሽቦ። የፈታት ሰው ያያታል፤ አንቺ ግን አላየሻትም። ጋሼ፣ ይህችን መጠቀምዎን ለማን ነገሩ?»

«ለማንም» አሉ ሽማግሌው።

«እኔም ለማንም አልነገርኩም። ሟቹ ሞተሩን ያገኘው ሽቦዋ ከወጣች በኋላ ነው። ትናንት ግን ሞተሩ መምጣቱን እንኳ አላወቅኩም ያለኝ ሰው፣ ፍሬኑ በብስክሌት ሽቦ መታሰሩን ነገረኝ።»

ወንድምየው ዐይኑን ከሽቦዋ ላይ ማንሣት አቃተው።

«ባለፈው ወር አንዲት መንገድ ጠራጊ ገጭቶ የጠፋ፣ እኔም ስፈልገው የከረምኩት ሞተር ነበር» ቀጠለች መርማሪዋ ወደ እሱ ዞራ። «ጭቃው ላይ የተወው አሻራ የተቦጨቀ ጎማ ያሳያል። ያ ጎማ ጎሚስታው ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሏል። ያን ቀን ሞተሩን የተዋስከው አንተ ነህ፤ ላቦራቶሪው ነግሮኛል፣ ወንድምህ ሥራ ገበታው ላይ ነበር። እሱ ጎማውን ያስቀየረው ማስረጃው መንገድ ላይ ተፍቆ እንዳያልቅ ነው።»

«አብሬህ እሄዳለሁ፣ እጅህን ስጥ አለኝ» አለ ወንድምየው። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «ወር ሙሉ ለመነኝ። በመጨረሻ እኔ ራሴ እናገራለሁ አለ። እንዲሞት አልነበረም... ሆስፒታል ቢተኛ፣ ጥቂት ጊዜ ባገኝ ብዬ ነው። ወንድሜ እኮ ነው።»

ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ታዲያ ሌላ ሴት አልነበረውማ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ሌሊት የማይተኛው ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ ረገምኩት። ስለ እሱ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል እርግማን ነው።»

መርማሪዋ ጫማዋን አጥልቃ ወንድምየውን ይዛ ወጣች። ዘበኛውም ተከተላቸው። ሳሎኑ ውስጥ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«ለምን እኔ ነኝ አልሽ?» አሉ ጋሽ ሞክረው።

«አርጅቶ ረስቶ ነው ብዬ ነዋ፤ መርማሪዋ ያለችውን አላመንኩም። እስር ቤት እንዳትሞትብኝ።» ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች። «አንተስ፣ አባዬ? ረስቼ ይሆናል ብለህ ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብክም?»

ለመዋሸት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«አላሰብኩም። እጄን አውቀዋለሁ።»

«እጅህን ታውቀዋለህ» አለች ልጅቱ። «እኔን ግን አላወቅከኝም።»

ተነሥታ በሩን ከፈተችላቸው።