በዋንዛ ታንኳ አዋሽን

ታንኳዋ ከጭቃው ዳርቻ ተንሸራታ ውኃው ላይ ዘፍ ስትል ወርቅአፈራሁ እልል አለች።

ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በሦስተኛው መስከረም ነው። ከየካቲቱ ጭፍጨፋ ወዲህ ወርቅአፈራሁ ከልደታ ማርያም አጥር ርቃ ሄዳ አታውቅም፤ የወታደር ኮቴ በሰማች ቁጥር ደጇን የምትቀረቅር ሴት ሆና ነበር። እየጎተተ ያወጣት ወንድሟ ገብረየሱስ ነው። «እዚህ ተቀምጠሽ ሻጋታ ልታበቅዪ ነው?» አላት። ጓደኛቸው ዋቅሹማ አብነት ሰፈር የሚሠራ አናጢ ቢሆንም ተወልዶ ያደገው አዋሽ ዳር ነው፤ ታንኳዋንም ከአንድ የዋንዛ ግንድ ቦርቡሮ የሠራት እሱ ነው። ማታውን በጭነት መኪና ወደ አዋሽ ወረዱ። ጎህ ሲቀድ ውኃው ላይ ነበሩ። ሐሳባቸው ዓሣ እያጠመዱ፣ እንጆሪ እየለቀሙ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከታች መሻገሪያው ዘንድ ካለው ከዋቅሹማ እናት ቤት መድረስ ነው።

አዋሽ ክረምቱን ጠጥቶ ሞልቷል። መጀመሪያ የቀናት ወርቅአፈራሁ ናት። የማጥመጃው ሲባጎ መዳፏን እየቆረጣት ጎትታ ጎትታ አንድ ወፍራም አምባዛ አወጣች። ዓሣው ጢሙን እያወዛወዘ ሲንፈራገጥ ገብረየሱስ እግሮቹን ሰብስቦ ጠርዙ ላይ ወጣ።

«የተያዘው እሱ ነው ወይስ አንተ?» አለው ዋቅሹማ።

ገደሉ ሥር ሲደርሱ እንጆሪው ቀልቶ ጠበቃቸው። እሾሁ ክንዳቸውን እየቧጨረው፣ ጭማቂው እስከ አገጫቸው እየወረደ በሉ፤ የተረፈውን በቅርጫት ሞሉ። ገና ሳይጠግቡ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ አናታቸውን ይወግረው ጀመር። ከገደሉ ፏፏቴ ወረደ፤ ወንዙ ደፈረሰ፤ ሮጠው ታንኳዋ ላይ ሲሳፈሩ ነጥቆ ይዟቸው በረረ።

«ከዚያ ድንጋይ ራቅ!» ብላ ጮኸች ወርቅአፈራሁ።

ድንጋዩ ጆሮውን አርገበገበ።

«ጉማሬ!»

አውሬው ሰጥሞ ከሥራቸው ብቅ አለ። ታንኳዋ ወደ ላይ ተነሣች፣ ተንገዳገደች፤ ዋቅሹማ ተወርውሮ ውኃው ውስጥ ገባ። ወርቅአፈራሁ በሆዷ ተኝታ ኮሌታውን ጨመደደች፤ ገብረየሱስ እግሯን ያዘ፤ እንደምንም ስበው አወጡት። ጉማሬው አፉን ከፍቶ አንዴ አጓራና ወደ ሸምበቆው ተመለሰ። የዋቅሹማ ትከሻ ግን ወልቋል።

«እኔ መቅዘፍ አልችልም» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ገብረየሱስ ደግሞ ያው ታውቂዋለሽ!»

መቅዘፊያውን አነሣች። «ንገረኝ ብቻ!»

«ቀኝ! አሁን ግራ! እንዲያ ነው!»

እጇ ገና እየለመደ ሳለ ከፊት ለፊት ምድር ቀውጢ የሚያደርግ ፍንዳታ ተሰማ። ወንዙ ከሚጠብበት ላይ የጣሊያን ወታደሮች ቦምብ እየወረወሩ ዓሣ ይገድላሉ። ታንኳዋን ሲያዩ አንዱ ጠመንጃውን ደገነ። «አልት! አልት!» ቁሙ ማለቱ ነው።

«ወደ ዳር አውጪን» አለ ገብረየሱስ።

ወርቅአፈራሁ ዳሩን አየች፤ ጠመንጃውን አየች፤ ከጠባቡ ወዲያ ነጭ አረፋ የሚደፍቀውን ውኃ አየች። ልቧ ይደልቃል፤ ነገር ግን ደጅ እንደምትቀረቅርበት ጊዜ አልነበረም።

«ለማን ብዬ!» አለችና መቅዘፊያውን ሰክታ ወደ አረፋው ቀዘፈች።

ጥይት አፏጨ። ሁለተኛው የታንኳዋን ጠርዝ ፈለጠው። አረፋው ዋጣቸው፤ አለት ገጫቸው፤ «ግራ! ግራ!» ይላል ዋቅሹማ፤ ውኃ አፏ ሞልቶ ግራውን ቀዘፈች። ታንኳዋ በፏፏቴ ቁልቁል ተወረወረችና ከቋጥኙ ባሻገር፣ ተኩስ የማይደርስበት ሰፊ ኩሬ ላይ አረፈች።

ገብረየሱስ ወደ ኋላ ጣቱን ቀሰረ። በቦምቡ የሞተው ዓሣ ሁሉ ነጭ ሆዱን ገልብጦ በፏፏቴው ተከትሏቸው መጥቷል! ወታደሮቹ ከላይ ይሳደባሉ፤ ቋጥኙን ግን መውረድ አልቻሉም። ወርቅአፈራሁ ነጠላዋን ፈታ እንደ መረብ ዘረጋችው፤ እየሳቁ፣ እየተገፋፉ ዘገኑት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዋቅሹማ እናት እማማ ዲንቄ መሻገሪያው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። አስቀድመው የልጃቸውን ትከሻ አሹና ቀጥ አድርገው መለሱት፤ ከዚያ ታንኳዋን አዩ።

«ይህን ሁሉ ማን አጠመደው?»

«ጣሊያን ነው፣ እማማ» አለች ወርቅአፈራሁ።

አሮጊቷ ነገሩን ሲሰሙ ጉልበታቸውን መቱ። «እንዲያ በሉኛ! ጣሊያንም መገበር ጀመረ!»

ወርቅአፈራሁ ግን ዓይኗ ወንዙ ላይ ነበር። «ከዚህ በታችስ ምን አለ?» አለቻቸው።