ያልተነሱት እግሮች

ዜልያዝኮ ሞተው ሲገኙ አውሮፕላናቸው ገና እየበረረ ነበር። እውነተኛ አውሮፕላን እንዳይመስላችሁ፤ ከአሮጌ አውቶቡስ መሪ፣ ከአውቶቡስ ወንበርና ከሦስት ስክሪን ጋራዣቸው ውስጥ ገጣጥመው የሠሩት ነው። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊው ባሕር ያልፋል፣ ያልፋል። ሽማግሌው የጆሮ ማዳመጫቸውን እንዳደረጉ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ እንዳዞሩ ቀዝቅዘዋል።

መርማሪ ዶችካ ቩልኮቫ በያምቦል ከተማ ሠላሳ ዓመት ሬሳ አይታለች። ልቧ ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ዓይኗ ግን አልደነዘዘም። መጀመሪያ ያየችው ወለሉን ነው። ሲሚንቶው ከዳር እስከ ዳር ተወልውሏል። ሬሳው ሲነሳ ግን ከነጠላ ጫማዎቹ ሥር፣ ልክ ጫማ ጫማ የሚያህሉ ሁለት አቧራማ ቦታዎች ቀሩ። የመብራቱ ሽቦ ተልጦ የወንበሩን ብረት ነክቷል። የመብራቱ ብሬከር ወርዷል፤ ኮምፒዩተሩ በሌላ መስመር ስለሆነ አልጠፋም። ኪቦርዱ መደርደሪያ ላይ፣ ከሁለት የቃሪያ ማሰሮ ሥር ተቀምጧል።

«እርጥብ ወለል፣ የተላጠ ሽቦ» አለ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ቦርሳውን እየዘጋ። «አለቀ፣ ደቀቀ።»

ግቢው ውስጥ የሟቹ ወንድም ጻንኮ ይጮሃሉ። «ውሃዋ ነው የገደለው! ኤሌክትሪክ ባለበት አትወልውዪ ብዬ ስንት ጊዜ ለፈለፍኩ! ብቻ መቃብሩ አጠገብ እንዳላያት!»

ሚስትየው ሚልካ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። እርጥብ ሽርጣቸውን ጭናቸው ላይ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ።

«ጻፊኝ ልጄ» አሉ። «እሁድ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት እወለውላለሁ፤ ዛሬም ወለወልኩ። ዘጠኝ ከሃያ ድረስ እያወራ ነበር አሉ። ከዚያ ዝም አለ። እኔ ነኝ።»

ዶችካ አልጻፈችም። ዐቃቤ ሕጉ ግን ለመጻፍ ቸኩሏል፦ በቸልተኝነት ሰው መግደል። እስከ ረቡዕ ሌላ ነገር ካልተገኘ፣ ሐሙስ ባል ይቀበራል፣ ዓርብ ሚስት ትከሰሳለች።

ሰኞ ዕለት ዶችካ ኔቬና ቤት ሄደች። ኔቬና ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ መሥመር ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ እሁድ እሁድ ከወጥ ቤታቸው ሆነው ለነዜልያዝኮ የበረራ ተቆጣጣሪ ይሆናሉ። ባኒትሳ የሚሉትን የአይብ ጥብስ ቂጣ ቆርሰው አቀረቡላት፤ እሳቸው አልቀመሱም።

«ጨዋታ ነው እንዳትዪኝ» አሉ። «አብራሪው አስቀድሞ የበረራ ዕቅድ ይልክልኛል፦ ከየት እንደሚነሳ፣ በየት እንደሚያልፍ፣ በምን ከፍታ፣ ወዴት። ደመና ውስጥ በመስኮት የሚታይ የለም፤ የሚያምነው መሣሪያዎቹንና እኔን ነው። እኔ ትእዛዝ እሰጣለሁ፣ እሱ ቃል በቃል ይደግምልኛል። ካልደገመ አልሰማም ማለት ነው።»

«ዜልያዝኮስ ይደግሙ ነበር?»

«ወይ ዜልያዝኮ! መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋታል፣ ከዚያ እንደ ጡሩንባ ይደግማታል። ስምንት ከሠላሳ ስምንት ላይ ‹ወደ አሥራ አምስት ሺህ ጫማ ውጣ› አልኩት፤ ደገመ። ከዚያ ወዲያ ግን ‹ጉሮሮዬን ከርክሮኛል› ብሎ በጽሑፍ ሆነ። ዘጠኝ ከሃያ ላይ ‹ወደ አራት ሺህ ውረድ› ስለው ጽፎ ደገመ፣ አውሮፕላኑም ወረደ። ከዚያ ጭጭ። አሥራ አንድ ጊዜ ጠራሁት። በመጨረሻ ለሚልካ ስልክ ደወልኩ።»

«ብቻቸውን ነበር የሚበሩት?»

«ከስፓስ ጋር ነው እንጂ። ስፓስ ከራሱ ቤት በኮምፒዩተር ይያያዛል፤ አንድ አውሮፕላን ከሁለት ቤት። ዘጠኝ ዓመት ቀኝ ወንበር ላይ! ከሚመጣው እሁድ ጀምሮ ግን የእህቴ ልጅ ኢስክራ ልትተካው ነበር። ‹ዓይኑ ደክሟል፣ የአየር ካርታ ሲያነብ ይስታል› አለ ዜልያዝኮ።»

«ስፓስ ያውቃሉ?»

«ባለፈው ሳምንት ነግሮታል። ‹እሺ› ብቻ አለ አሉ።»

ስፓስ የአውቶቡስ ጣቢያው ኤሌክትሪሺያን የነበሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። ቤታቸው ከጋራዡ ሁለት መንገድ አልፎ ነው።

«ስምንት ተኩል ላይ ፒንሳዬን ልወስድ ጋራዡ ገባሁ» አሉ። «ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ቤቴ ነበርኩ። ጎረቤቶቼ ካርታ ሊጫወቱ መጥተው ነበር፣ ጠይቂያቸው።»

«እየተጫወቱ ነበር ወይስ እየበረሩ?»

«ኮምፒዩተሩ እዚያው ሳሎን ጥግ ነው፣ ብቅ እያልኩ አያለሁ። እኔ ምን ሥራ አለኝ? የአየር ካርታውን መከተል ብቻ። መሪውንም፣ ከፍታውንም፣ ወሬውንም እሱ ነው የሚይዘው። እኔን ማን ያስነካኛል!» ሳቅ አሉ፤ ሳቁ መሐል ላይ ቆመ።

ዶችካ የተናገሩትን ጽፋ አስፈረመቻቸው።

ማክሰኞ ወደ ሚልካ ተመለሰች። የግቢው በር ላይ የዜልያዝኮ ፎቶ ያለበት የሞት ማስታወቂያ ተለጥፏል።

«እትዬ ሚልካ፣ ሲወለውሉ መብራቱ በርቶ ነበር?»

ሚልካ አሰቡ። «ጠፍቶ ነበር። በስክሪኑ ብርሃን ነው የወለወልኩት። አላነጋግረውም፤ ሲበር ሰው አያናግርም።»

«እግራቸውንስ?»

የሽርጡ እጥፋት እጃቸው ላይ ቆመ። «ሁልጊዜ ያነሳልኛል። ሳይዞር፣ ሁለቱንም አንዴ። አርባ አንድ ዓመት። የዚያን ቀን ግን...»

«ግን?»

«ተይኝ ልጄ።»

ተወቻቸው።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጻንኮ ኮፍያቸውን እንደደፉ በሩን ተደግፈው ቆሙ።

«ፖሊስም አብራሪ ሊሆን ነው?» አሉ።

«ወንበሩማ ባዶ ነው» አለች ዶችካ። «ጋሽ ስፓስ፣ እስቲ ግራ ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ።»

ስፓስ አንድ እርምጃ ሄደው ቆሙ። አልተቀመጡም።

«ይሁን። እትዬ ኔቬና፣ የእሁዷን ትእዛዝ ይስጡ።»

«ወደ አራት ሺህ ጫማ ውረድ» አሉ ኔቬና።

«ዜልያዝኮ ቢሆኑ በመጀመሪያ ይጽፏታል።» ዶችካ ከመሪው አጠገብ የታሰረውን ወረቀት አነሳች። «የመጨረሻዋ ጽሑፍ ‹አሥራ አምስት ሺህ› ናት። አራት ሺህ የሚል የለም። ቀጥለው ከፍታውን በእጃቸው ያዞራሉ።» ከአውቶቡስ ማሞቂያ የተነቀለችውን፣ ቁጥሮቿ በነጭ ቀለም የተጻፉባትን ማዞሪያ አሳየች። «እሷም አሥራ አምስት ላይ ናት። አውሮፕላኑ ወርዷል፤ ይህች ግን አልተነካችም። ከሌላ ቤት የሚያወርደው ሰው ስክሪኑን ይቀይራል እንጂ ይህችን ብረት ሊያዞር አይችልም።»

«እና እኔ አወረድኩለታ!» አሉ ስፓስ። «ወንጀል ነው?»

«ከፍታ አልነካም ብለው ፈርመዋል። ጽሑፉንስ ማን ጻፈው? ኪቦርዱ ያለው እዚያ፣ ከቃሪያው ሥር ነው፤ ማሰሮዎቹ ላይ ያለው አቧራ የወር ነው። ከዚህ አውሮፕላን ጋር የተያያዘ ሌላ ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው።»

ጻንኮ ከበሩ ተነሱ። «ታዲያ ወንድሜ መቼ ሞተ?»

«እትዬ ሚልካ ሲገቡ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ብሬከሩ የወረደው የተላጠው ሽቦ ሰው ሲይዝ ነው፤ ስለዚህ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳትፈስ ሁሉም ነገር አልቋል። ወለሉም ይመሰክራል፤ አርባ አንድ ዓመት የተነሱ እግሮች የዚያን ቀን አልተነሱም፣ ከሥራቸው አቧራው ቀርቷል። ጋሽ ስፓስ ሽቦ ያውቃሉ፤ የሚልካን ዘጠኝ ሰዓትም ያውቃሉ። ፒንሳ ልወስድ ብለው ገብተው፣ ሽቦውን ልጠው የወንበሩን ብረት አስነኩት፤ ገድለው ሄዱ። ከዚያ ከቤታቸው እየጻፉ፣ ሰውየው ውሃው እስኪፈስ ድረስ በሕይወት ያለ አስመሰሉ። ጥፋቱን ለመወልወያ ሰጡት።»

ስፓስ ባዶውን ወንበር ያያሉ።

«ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እቤቴ የሚናገር ሰዓቱ ብቻ ነው» አሉ፤ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወሩ ይመስል ነበር። «እሁድ ነበረችኝ። ‹አንተ አሁን ዕረፍ› አለኝ። ዕረፍ!»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ወጡ። ጻንኮ ኮፍያቸውን አውልቀው ሚልካ ፊት ቆሙ። «ነገ መቃብሩ ላይ አብረን እንቆማለን» አሉ። ሚልካ የሰሙ አይመስሉም።

«ልጄ» አሉ ዶችካን። «ያልነገርኩሽ አለ። እግርህን አንሳ ስለው ዝም አለኝ። ተናደድኩ። ‹ድንጋይ ያርግህ!› ብዬው ወጣሁ። አርባ አንድ ዓመት ኖረን የመጨረሻ ቃሌ እሷ ናት።»

ዶችካ ሠላሳ ዓመት ለሟች ቤተሰብ ምን እንደሚባል አታውቅም ነበር። አሁን ወደ ኔቬና አየች፣ ከዚያ ወደ ሚልካ።

«አልደገሙልዎትም፣ እትዬ ሚልካ። ስለዚህ አልሰሙዎትም።»

«አልሰማኝም» አሉ ሚልካ ቀስ ብለው። ቆይተው «አልሰማኝም» አሉ እንደገና።

ከዚያ ግድግዳው ሥር ያለውን መወልወያ አዩ።

«አሁን መወልወል ይቻላል?»

«ይቻላል።»

ሚልካ መወልወያውን ነክረው ጨመቁ። ወንበሩን በክንዳቸው ገፋ አድርገው፣ ሁለቱን አቧራማ ቦታዎች፣ መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎ የቀኙን፣ በቀስታ ወለወሉ።