በጥንቃቄ የተገደለው ኮምፒውተር

ሟቹ በመመገቢያው ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ማብሪያው ሲጫን ማራገቢያዎቹ ይሽከረከራሉ፣ መብራቶቹም ቦግ ይላሉ፤ ስክሪኑ ግን ጭልም እንዳለ ይቀራል።

ይህ ኮምፒውተር ታሪን ሆሪሉክና አባቷ ጎርደን አንድ ሙሉ የበረዶ ወራት ዕቃ በዕቃ እየገዙ በእጃቸው የገጣጠሙት ነው። ለዓመታት የደከመችበት የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጡ አለ። ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ሩቅ ሞንትሪያል ከተማ ላለ አንድ የጨዋታ አምራች ካልላከችው፣ የቋመጠችለት ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ስለዚህ ዶሪን ፔትሪክን ጠራቻት። ዶሪን እዚሁ በካናዳዋ ሳስካቱን ከተማ ለኢንሹራንስ የቃጠሎ መንስኤ ስትመረምር ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ በጋራዧ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ጀመረች። እኛ ጎረቤቶቿ እንደምናውቃት፣ ሰው ሲዋሻት አትቆጣም፤ ዝም ብላ ታዳምጣለች። ይሄ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል።

«ትናንት ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር፣ ወይዘሮ ዶሪን። ዛሬ ጠዋት ብለው ብሠራው እምቢ አለኝ።»

«ዲስኩን አውጥተሽ ሌላ ማሽን ላይ ብትሰኪውስ?»

«ቆልፌዋለሁ፤ ከዚህ ማሽን በቀር አይከፈትም። ያለኝ ቅጂ ደግሞ የድሮ ነው።»

ዶሪን ገመዶቹን ነካካች፣ የማኅደረ ትውስታ ካርዶቹን ነቅላ መለሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ በአግድም አየችው። ከወትሮው ትንሽ ከፍ ብሏል። ብሎኖቹ በጣት ብቻ ተፈቱላት። ማራገቢያው ሲነሣ ከሥሩ ፕሮሰሰር የለም፤ በቦታው አንዲት ትንሽ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ተቀምጣለች።

«ተሰርቋል!» ጮኸች ታሪን።

«ሌባ ቢሆን ምስል የሚያመነጨውን ግራፊክስ ካርድ ትቶልሽ አይሄድም ነበር፤ ዋጋው የትየለሌ ነው። ማታ ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

ከታሪን ሌላ ሦስት ሰው ነበር። አባቷ፣ ከፍቺዋ ወዲህ አብራቸው የምትኖረው አክስቷ ሊንዲ፣ እና የታሪን ፍቅረኛ ክሌይ።

ሊንዲ ወጥ ቤት ፔሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ ሊጥ በሽንኩርት ትጠብሳለች። ዶሪን ክዳኗን ስታሳያት ሊንዲ «የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ነው?» አለች። «ስሚኝ ዶሪን፣ ያ ዕቃ ሲያጓራ እያደረ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ብገድለው ግን በመዶሻ ነበር የምገድለው!»

«አምንሻለሁ» አለች ዶሪን።

ክሌይ ሳሎን ስልኩን ይጎረጉራል።

«አንተም ለዚያው ሥራ አመልክተሃል?» አለችው ዶሪን።

«ማን ነገረዎት?»

«ፊትህ።»

«ማመልከት ወንጀል ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ ልጄ። የሚያስጠላው ደብቀህ ማመልከትህ ነው። ይህቺን ታውቃታለህ?»

«የማዘርቦርድ ክዳን ናት፤ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ትሸፍናለች። እኔ የራሴን ወርውሬያታለሁ፤ ማን ያስቀምጣታል?»

ጎርደን ጋራዡ ውስጥ የጸዳውን ወለል እንደገና ይጠርጋል። ከዶሪን ጋር በኩርሊንግ፣ በበረዶ ላይ ድንጋይ በማንሸራተት ጨዋታ፣ አንድ ቡድን ናቸውና እንደ ልባቸው ይነጋገራሉ።

«ምን ሆኖ ይመስልሃል?»

«ማሽን ነው፣ ይሞታል። ሥራውም ቢሆን አንዱ ቢያመልጣት ሌላ ታገኛለች።»

«ምን አገኘሽ ብለህ እንኳ አልጠየቅኸኝም።»

ጎርደን መጥረጊያውን አቆመ። «ና፣ ጠረጴዛው ጋ እንሰብሰብ» አለችው።

ሁሉም ሲቀመጡ ክዳኗን መሀል ላይ አደረገቻት።

«ፕሮሰሰር ሲነሣ ከሥሩ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ እግሮች ይራቆታሉ። አንዱ ከተጣመመ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ አለቀለት። ይሄ ሰው በክዳኑ ሸፈናቸው። ሊያስቆመው እንጂ ሊያጠፋው አልፈለገም። ማሽኑን ይወደዋል ማለት ነው። ሊንዲ ትጠላዋለች፤ ክዳኗንም አታውቃትም። ክሌይ እሱም ለሥራው አመልክቷልና ምክንያትም ዕውቀትም አለው፤ ክዳን ግን የለውም። እንዲህ ያለው ክዳን የሚመጣው ከአዲስ ማዘርቦርድ ጋር ነው። ታሪን፣ ያን ጊዜ ስትገጣጥሙት የት አደረግሽው?»

«ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። አባዬ ተቆጣኝ። ያለ እሱ ብንመልሰው በዋስትና አይቀበሉንም ብሎ ከቆሻሻው አውጥቶ...»

አባቷን አየችው።

ጎርደን ከሸሚዙ ኪስ የመነጽር ማኅደሩን አወጣ። ፕሮሰሰሩ በመነጽር መወልወያው ጨርቅ ተጠቅልሎ ውስጡ ነበር።

«ዛሬ ብቻ እንዲያልፍ ነው፤ ነገ እመልሰው ነበር» አለ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ፣ አንቺም ከሄድሽ ይሄ ቤት...»

«እናቴን እንዳታነሣት! ጠዋት አጠገቤ ቆመህ ገመድ ስትነቅልልኝ ነበር እኮ። አይዞሽ እያልክ ጀርባዬን ስታሻሸኝ ነበር! እኔ ደግሞ አንተ ያስተማርከኝን ረስቼ፣ ምን አበላሽቼ ይሆን እያልኩ ራሴን ስረግም!»

ሊንዲ ምጣዷን ረስታ አለቀሰች። እውነት ለመናገር፣ ለታሪን ከፍቅረኛዋ ይልቅ የአባቷ ክህደት ከፋ፤ ከክሌይ እንዲህ ያለ ነገር ብትጠብቅም ከአባቷ ግን ፈጽሞ አልጠበቀችም።

ዶሪን ፕሮሰሰሩን በቦታው አስቀመጠች፣ አተር የምታህል ማቀዝቀዣ ቅባት አደረገችበትና ማራገቢያውን አጥብቃ አሠረች። ማብሪያው ሲጫን ስክሪኑ በራ። ታሪን ጨዋታዋን ላከች። ማንም እሰይ አላለም።

«እንግዲህ ከተቀበሉሽ ትሄጃለሽ ማለት ነው» አለ ጎርደን ቀስ ብሎ።

«ከተቀበሉኝ ከዚሁ ከቤት ሆኜ እንድሠራ ጠይቄያቸው፣ እሺ ብለውኝ ነበር። ዛሬ እራት ላይ ልነግርህ ነበር።»

የጎርደን ፊት በራ። «እውነት? ታዲያ እኮ...»

«አሁንማ እሄዳለሁ። ባይቀበሉኝም እሄዳለሁ።»

ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ክሌይ ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ «አንተ ደግሞ እንዳትነካው!» አለችው። አባቷ በሩን ሊከፍትላት ተነሣ። እሷ ግን ቀድማው በክርኗ ከፈተችና፣ ከባዱን ሣጥን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ዶሪን መኪና ወጣች።