በፊልሙ ውስጥ የሌለች ሴት

ጋሽ ዘውገ ሳምንቱን ሙሉ ሲሞቱ ነው የሰነበቱት። ሰርፀ «አልሞቱልኝም፣ እንደገና» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ላባቸውን ጠርገው እንደገና ይሞታሉ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ግን የሞቱት ሞት እንደገና የማይባልበት ሆነ።

የካውንቲው የአስከሬን መርማሪ ጸዳለ፣ ማስኳን አጥብቃ ቬጋስ ውስጥ ሮድስ ራንች በተባለው ባለዘበኛ መንደር ሰርፀ ቤት ስትደርስ፣ ጋራዡ እሳት ላይ እንደተረሳ ድስት ግሎ ነበር። ሽማግሌው ጋራዡ ጥግ ላይ፣ ከስስ ጣውላ በተሠራች ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ፣ ከማይክሮፎኑ ሥር ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ግድግዳው በአሮጌ ፍራሽና በብርድ ልብስ ተለብዷል። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ደርቋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። አጠገባቸው ግማሹ የተጠጣ፣ ክዳኑ በደንብ የተጠመዘዘ የውሃ ጠርሙስ አለ። ጸዳለ ከንፈራቸውን አየች፣ ጠርሙሱን አየች፣ ከዚያም የበሩን መቀርቀሪያ አየች። መቀርቀሪያው ያለው በውጭ በኩል ነው።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው እብደት ይመስላል። ወረርሽኙ ካዚኖዎቹን ሲያዘጋ፣ ሰርፀ ከዲለርነት፣ ከካርታ አዳይነት ሥራው ተቀነሰና የድሮ ሕልሙን አነሳ። የውጭ ፊልም በአማርኛ ድምፅ ተርጉሞ በኢንተርኔት ሊያሳይ ተነሣ። የመረጠው ፊልም በጦርነት ዘመን በጠላት ጦር በተያዘች አንዲት የእስያ የወደብ ከተማ ስለሚኖር ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊው በኮት ገበር ውስጥ ምስጢር እየሰፋ ለአርበኞች ያሻግራል፤ ሲያዝም ማንንም ሳያጋልጥ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እስር ቤት ይሞታል። ሰርፀ የባዕድ ስም ለተመልካች አይያዝም ብሎ ለሁሉም የሐበሻ ስም አወጣላቸው። ሰላዩ ልብስ ሰፊ ተክለማርያም ተባለ፤ የጠላቱ ኮሎኔል እንኳ አስማማው ነው። የተክለማርያም ድምፅ የሚሆኑት ደግሞ በወጣትነታቸው በሬዲዮ ድራማ የታወቁት ጋሽ ዘውገ ነበሩ።

የክፍሏ በር ከፍራሹ ውፍረት የተነሣ አልገጥም እያለ ስላስቸገረ ከውጭ መቀርቀሪያ ገጠሙለት። አንዱ ገብቶ ሲቀዳ ሌላው ይቀረቅርበታል፤ ሲጨርስ ይከፍትለታል። የጋራዡ ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ስለሚጮኽ በቀረጻ ጊዜ ይጠፋል። ይህን ሁሉ በፈቃዳቸው፣ እየሳቁ ነበር የሚያደርጉት።

ጸዳለ በሥራዋ የለመደችው ሰው ሲክድ ነው። በዚህ ቤት ግን ሁሉም ሊያምን ይሽቀዳደም ጀመር።

የሴቶቹን ድምፅ የምትሠራው አስካል ዕድሜዋ ስድሳ አልፏል፤ በሆቴል የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታፍተለትላለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤ ጻፊው ልጄ» አለች። «የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። ልክ ስቀረቅር ከሆቴሉ ተደወለልኝ። ስንት ወር ስጠብቀው የነበረ ሺፍት ነው። ‹ሰርፀ፣ አንተ ክፈትላቸው› ብዬ ወደ ግቢው ጮህኩና በረርኩ። መልሱን አልጠበቅኩም።»

«ሲገቡ ውሃ ይዘው ነበር?»

አስካል ቀና ብላ አየቻት። «በፍልሰታ? ጋሽ ዘውገ? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ምራቃቸውንስ ይውጣሉ? እኔም እንደሳቸው ነኝ። ባዶ እጃቸውን ነው የገቡት፣ ማርያምን።»

ጸዳለ ጠርሙሱን ድጋሚ በዓይነ ልቦናዋ አየችው።

ሰርፀ ጓሮው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሬሳውን ያገኘውም፣ 911 የደወለውም እሱ ነው። ጥፋቱን እሱም አልሸሸም፤ ቤቱ የእኔ፣ ፊልሙ የእኔ፣ በደሉም የእኔ ነው አለ። የመንደሩ ዘበኛ ዕቃ መጣልህ ብሎ ጠርቶት በመኪና ወደ መንደሩ መግቢያ ሄዶ እንደነበረ፣ አስካል ጮኸች ስትልም እንዳልሰማ፣ ሲመለስ በሩን ከፍቶ እንዳገኛቸው አስረዳ። ይህን ሁሉ የሚናገረው መሬት መሬቱን እያየ ነው። ቀጥሎም እንዲህ አለ።

«አንድ የሚያጽናናኝ ነገር ቢኖር፣ ላቀችን እየጠሩ ማረፋቸው ነው። እሷ ትቀበላቸዋለች።»

«ላቀች ማናት?»

«ባለቤታቸው ነበረች። አገር ቤት ነው ያረፈችው፤ እሳቸው ሳይመጡ በፊት።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች ጸዳለ። ከልቧ ነበር። ስሙን ግን በዚያው ቅጽበት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

የሰርፀን ልጅ ናኦሚን ያገኘቻት ፎቅ ላይ፣ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ነው። ኮምፒውተሯን ፖሊሶች ወስደውታል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ቬጋስ ሲሆን የፊልሙን ድምፅ የምትቀዳው እሷ ናት። ያቀረቡላትን ምግብ አልነካችም።

«ኤሲውን በስልኬ ኦፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለች። «መልሼ አላበራሁትም። ሁሉንም በሄድፎን ሰምቻለሁ። ጋሽ ዘውገ ‹በሩን ክፈቺ› አለ። ድምፁ በጣም ሪል ነበር። እኔ... እኔ አለቀስኩ፤ ጥሩ ስለሠራ።»

«ክፈቺ ያሉት ማንን ነው?»

«የሴት ስም ጠራ። ኦልድ የሆነ ስም ነው፣ አላውቀውም። ፊልሙ ውስጥ ያለች ሴት መሰለችኝ። ሁሉም ሰው እኮ የሐበሻ ስም አለው፤ ዳዲ ነው የሚሰጣቸው፣ ሁልጊዜ ቼንጅ ያደርጋል። ሰላዩ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሞተው፤ አፉ አይታይም። ከዚያ ዝም አለ። አክስቴ አስካል ትከፍታለች ብዬ ቀረጻውን ስቶፕ አደረግሁ።»

«ይህን ስም ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም። ‹ክፈቺ› ማለቱን ለፖሊሶቹ ነገርኳቸው፤ ስሙን ግን መድገም አልቻልኩም።»

«ለአባትሽስ?»

«ዳዲ ከዚያ ወዲህ አያየኝም» አለች ናኦሚ። «ያውቃል እኔ እንደገደልኩት።»

ጸዳለ እዚህ ላይ ማስታወሻዋን ዘጋች። ሬሳውን የሚመረምረው ሐኪም የሚጽፈው ይታወቃል፤ ሙቀትና የደከመ ልብ ነው፣ አደጋ ነው ይላል። ፋይሉን ዘግታ መሄድ ትችል ነበር። ግን ይህች ልጅ ያልሠራችውን ተሸክማ ልትኖር ነው፤ የጫነባት ደግሞ ታች ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ነገሩ አንገበገባት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሦስቱን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዋናው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወንበሮቹ በወረርሽኙ ደንብ ተራርቀዋል፤ ክፍሏ ፊት ለፊታቸው ናት። ኤሲው አሁንም ጠፍቷል። ማንም ሊነካው አልደፈረም።

«ሦስታችሁም ገደልን ብላችሁኛል» አለች ጸዳለ። «ሦስታችሁም እውነት አላችሁ፤ የአንዳችሁ እውነት ግን ጎዶሎ ነው። ከውሃው ልጀምር። እትዬ አስካል፣ ሲገቡ ውሃ አልያዙም ብለውኛል። ናኦሚ፣ በዚያ ቀን ውሃ ሰጥተሻቸው ነበር?»

«ጠዋት ልሰጠው ስል ተቆጣኝ። ጾም ነው አለ።»

«እንግዲህ የሚጾም ሰው፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ አጠገቡ ግማሹ የተጠጣ ጠርሙስ ተገኘ። በምርመራውም ሆዳቸው ውስጥ ውሃ አልነበረም። ጠርሙሱን ያስቀመጠው ከሞቱ በኋላ የገባ ሰው ነው፤ ውሃ ሳይነፈጋቸው ሞቱ እንዲባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያ ሰው ከድንጋጤው የተነሣ ፍልሰታ መሆኑን ረሳ። ከእናንተ መካከል የማይጾመው ማነው?»

አስካል ቀስ ብላ ወደ ሰርፀ ዞረች።

«ሳገኛቸው ደንግጬ ነው» አለ ሰርፀ። «ላጠጣቸው ብዬ...»

«ሊሆን ይችላል። ክዳኑን መልሶ የጠመዘዘውም ድንጋጤው ይሆናል።» ጸዳለ ስልኳን አወጣች። «ዘበኛውን ጠየቅሁት። ሐሙስ ዕቃም አልመጣልዎት፣ መኪናዎም ወደ መግቢያው አልመጣ። ይህም ይቅር። አሁን አንድ ነገር ላሰማችሁ፤ ፖሊሶቹ ከወሰዱት ከናኦሚ ኮምፒውተር የተቀዳ ነው።»

ከስልኩ መጀመሪያ ትንፋሽ ተሰማ። ቀጥሎ የጋሽ ዘውገ ድምፅ፣ ያ ሬዲዮ የገራው ድምፅ፣ ደክሞ መጣ። «ላቀች... ላቀችዬ፣ በሩን ክፈቺልኝ። ሙቀቱ ጨረሰኝ።»

አስካል ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ናኦሚ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይህን ከናኦሚ በቀር ማንም አልሰማም ተብሏል» አለች ጸዳለ። «ናኦሚ ስሙን መያዝ አልቻለችም፤ ለሰውም አልነገረችም። ኮምፒውተሩ የታሸገው ያኔውኑ ነው። እርስዎ ግን አቶ ሰርፀ፣ ሐሙስ ዕለት ላቀችን እየጠሩ አረፉ ብለው አጽናኑኝ። ከማን ሰሙ?»

ሰርፀ ባል ሲሞት ሚስቱን ይጠራል፣ ገምቼ ነው ለማለት አፉን ከፈተ። ሳይጨርሰው ተወው።

«መኪናው ውስጥ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «እዚሁ ደጁ ላይ፣ ኤሲ ከፍቼ። ከናኦሚ ኮምፒውተር ጋር በተያያዘው ስልኬ ቀረጻውን በቀጥታ እሰማ ነበር። አስካል ስትጮህም ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ላቀችን ሲጠሩ የመኪናውን በር ከፍቼ አንድ እግሬን አውጥቼ ነበር። ግን ያ ድምፅ... ሳምንት ሙሉ ስለምናቸው የከረምኩት ድምፅ ነው። ሥራዬ ሄዷል፣ ያለኝ ይህ ፊልም ነው። ትንሽ ይቀዳ አልኩ። ስሙን በኋላ ቆርጠን እናወጣዋለን አልኩ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔም ምን አልኩ መሰለሽ፣ እትዬ አስካል? አሁን ገና ሞቱልኝ አልኩ።»

አስካል ፊቷን አዞረች።

«ወንጀል ነው አይደለም የሚለውን ዐቃቤ ሕግ ይወስናል፤ እኔ አልፈርድም» አለች ጸዳለ። «እትዬ አስካል መልስ ሳይጠብቁ ሄደዋል፤ ናኦሚ ኤሲ ረስታለች። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ግን ሁለቱም አላወቁም። በፊልሙ ውስጥ የትኛው ስም እንዳለና የትኛው እንደሌለ የሚያውቀው፣ ስሞቹን ያወጣው ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ያወቁትን አውቀው ቁጭ አሉ። ከዚያ ደግሞ ልጅዎ ገደልኩ እያለች ስትነድ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ብለው ዝም አሉ።»

ናኦሚ ተነሣች። አባቷ ፊት ሄዳ ቆመች፤ በወረርሽኙ ደንብ መራቅ ከሚገባት ይልቅ ቀርባ።

«ዳዲ፣ ላቀች ፊልሙ ውስጥ አለች?»

ሰርፀ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ።

«የለችም፣ ልጄ።»

ናኦሚ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። አስካል ከቦርሳዋ ውሃ አውጥታ፣ ክዳኑን ከፍታ ሰጠቻት። ልጅቱ ከከንፈሯ ሳትለይ ጨለጠችው፤ ላቧም በግንባሯ ይወርድ ነበር። ሰርፀ ይህን ሲያይ ብድግ ብሎ ኤሲውን ሊያበራላት ሄደ። ጸዳለ አልከለከለችውም።